«ዘ ባችለር» እና የቆዳ ቀለም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአሜሪካው ኤቢሲ የቴሌቪዥን ጣቢያ «ዘ ባችለር» የተባለውን የፍቅር ውድድር ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። አንድ ወንድ ከሃያ በላይ ከሆኑ ሴቶች መካከል የትዳር ጓደኛ ይፈልጋል፤ ጽጌረዳ የሰጣት ትቀጥላለች፣ ያልሰጣት ትሸኛለች። በ2003 በተጀመረው «ዘ ባችለሬት» ደግሞ መራጯ ሴት ናት። የመጀመሪያዋ ጥቁር መራጭ ሬቸል ሊንዚ በ2017፣ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ መራጭ ማት ጄምስ በ2021 ቀረቡ። ለምን ይህን ያህል ዘገየ ሲባል የሚደረደሩት ምክንያቶች ሲፈተሹ ብዙም አያስኬዱም።

«ጥቁሮች አያመለክቱም»

የፕሮግራሙ ፈጣሪ ማይክ ፍላይስ ራሱ በ2011 የሰጠው መልስ ይኸው ነበር፦ እኛ እንፈልጋለን፣ እነርሱ ግን አይመጡም። በዓመቱ ሁለት የናሽቪል ጥቁር ወንዶች ክስ መሠረቱ። አመልክተው፣ ለቃለ መጠይቅም በአካል ቀርበው ነበር። ለነጭ አመልካቾች የተሰጠው ጊዜና ትኩረት ግን ለእኛ አልተሰጠንም አሉ።

«ፍርድ ቤቱ አድልዎ የለም ብሏል»

አላለም። የፌዴራል ዳኛዋ በዚያው በ2012 ክሱን ውድቅ ያደረጉት፣ በፕሮግራም ላይ ማን እንደሚታይ መወሰን የፈጠራ ሥራው አካል ስለሆነ በሕገ መንግሥቱ የመናገር ነፃነት ጥበቃ አለው በማለት ነው። አድልዎ መኖር አለመኖሩ በማስረጃ ሳይመረመር ፋይሉ ተዘጋ።

«ልብ የወደደውን ይመርጣል፤ ማን ያዝዘዋል?»

ልብን የሚያዝዝ የለም፤ ልብ የሚመርጥባቸውን ሰዎች ግን አዘጋጆቹ ለቅመው ያቀርባሉ። ከዚያም ሰንሰለቱ ይቀጥላል። ቀጣዩ መራጭ በአብዛኛው የሚወሰደው ባለፈው ምዕራፍ እስከ መጨረሻዎቹ ዙሮች ከዘለቁት ነው። ጥቂት ጥቁሮች ገብተው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተሸኙ፣ ለቀጣዩ ምዕራፍ የሚታጭ ጥቁር አይኖርም፤ አዘጋጆቹም «ምን እናድርግ?» ለማለት ይመቻቸዋል። ሊንዚ የታጨችው በአንድ ነጭ መራጭ ምዕራፍ ሦስተኛ እስከመሆን ስለደረሰች ነው። ማት ጄምስ ግን ከዚያ በፊት በአንድም ምዕራፍ አልታየም። የተመረጠው በሰኔ 2020 ነው፤ የጥቁሩ አሜሪካዊ የጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ መገደል አገሩን ለተቃውሞ ባስነሣበት፣ ተመልካቾችም ለውጥ ይምጣ ብለው ፊርማ ባሰባሰቡበት ሰሞን። ሰንሰለቱ በፈለጉ ጊዜ የሚበጠስ ኖሯል። (በእርሱ ምዕራፍ ከቀረቡት ሴቶች አንዷ ኢትዮጵያዊት የፋርማሲ ባለሙያ ነበረች።)

«ጥቁር መራጭ ከመጣ ወዲያ ችግሩ አበቃ»

በሊንዚ ምዕራፍ ከገቡት ወንዶች አንዱ፣ ቀደም ሲል በትዊተር ጥቁሮችን የሚያንቋሽሹ ነገሮች የጻፈ ሆኖ ተገኘ። ይህን ሰው ለጥቁር ሴት እጩ ባል አድርጎ ማቅረብ ቸልተኝነት ነው ቢባል እንኳ ሞገስ ማብዛት ይሆናል። በማት ጄምስ ምዕራፍ ደግሞ አሸናፊዋ በ2018 የባርነት ዘመን የደቡብ አሜሪካ ግዛቶች (የዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ) እርሻ ጌቶችን ሕይወት በሚያስታውስ ግብዣ ላይ የተነሣችው ፎቶግራፍ ወጣ። የረጅም ዘመኑ አቅራቢ ክሪስ ሃሪሰን ሊንዚ ራሷ ባደረገችለት ቃለ መጠይቅ ተወዳዳሪዋን ሊከላከል ሞከረ፤ በዚያው በ2021 ከፕሮግራሙ ተሰናበተ።

«የአሜሪካ ጣጣ ብቻ ነው»

በ2015 በአይቲቪ 2 ጣቢያ የጀመረው፣ ወጣቶች ጥንድ እየሆኑ የሚወዳደሩበት የብሪታንያው «ላቭ አይላንድ» ጥቁር ጥንዶችን ለመጀመሪያ ጊዜ አሸናፊ ያደረገው በ2024፣ በ11ኛው ምዕራፍ ነው። የአሜሪካው «ላቭ አይላንድ» በ2020፣ በሁለተኛ ምዕራፉ ቀድሞታል። በሁለቱም አገሮች አሸናፊውን የሚወስነው የተመልካች ድምፅ በመሆኑ፣ እዚህ ላይ ጣት የሚቀሰረው ወደ አዘጋጆቹ ብቻ አይደለም።