አዲሱ ተከላካይ ሲመጣ፦ በኮሌጅ ሆኪ ደጋፊዎች ዘንድ የሚወራውና እውነታው

የአሜሪካ የኮሌጅ አይስ ሆኪ ውድድር የሚጀምረው ኦክቶበር ላይ ነው። ወሬው ግን ሰመሩን ሙሉ አያርፍም። በሚኒያፖሊስ፣ በቦስተን ወይም በዴንቨር ልጆች የሚያሳድግ ሐበሻ ይህን ያውቀዋል። ሦስቱም ከተሞች የኛ ሰው የበዛባቸው፣ ሆኪም የነገሠባቸው ናቸው። በተለይ «ትልቅ ተከላካይ ሊመጣልን ነው» ከተባለ ደጋፊው ያብዳል። ተስፋ ማድረግ ደግ ነው። ከልጁ የሚጠበቀው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ልክ አይደለም።

«ተከላካይ ነው፤ ግብ የሱ ሥራ አይደለም»

ይህን የሚለው ባብዛኛው ከእግር ኳስ የመጣ ተመልካች ነው። በሆኪ በረዶው ላይ ከበረኛው ሌላ ሦስት አጥቂና ሁለት ተከላካይ ይሰለፋል። ሁሉም ይወጣል፣ ሁሉም ይመለሳል። ተጋጣሚ ጥፋት ሠርቶ አንድ ሰው ሲጎድልበት ደግሞ ጨዋታውን ከኋላ ሆኖ የሚያከፋፍለው ብዙ ጊዜ ተከላካዩ ነው። ሌን ሃትሰን በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ገና ፍሬሽ ሳለ በ39 ጨዋታ 48 ነጥብ አስመዝግቧል። በሆኪ ነጥብ የሚባለው ያገባውና ለግብ ያቀበለው ሲደመር ነው። ለአንድ ግብ እስከ ሁለት አቀባይ ይመዘገባል።

«ነጥብ ካላመጣ አልተሳካለትም»

ይህ ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው። እኔን የሚያናድደኝም ይኸኛው ነው። ደጋፊው ስልኩን ከፍቶ ቁጥሩን ብቻ ያያል። ዜሮ ግብ፣ ሁለት ማቀበል። «ይሄ ነው እንዴ የተባለለት?» ይላል።

እስቲ ልጁ የሚሠራውን እንይ። ፓኩ (በዱላ የሚመታው ክብ ጎማ) ከራሱ ግብ ጀርባ ይገባል። እሱ ሊያነሳው ይሄዳል፤ ሁለት አጥቂዎች እየተንደረደሩ ይከተሉታል። ከመድረሱ በፊት አንገቱን አዙሮ ማየት አለበት። ማን ነጻ ነው? ከየት በኩል ነው የሚመጡብኝ? ከዚያ ያቀብላል። ያቺ የመጀመሪያ ቅብብል ከተሳካች ቡድኑ ወደ ማጥቃት ይሄዳል። ካልተሳካች በራሱ ክልል ተከቦ ሲዋከብ ይቆያል። ጨንቆት ፓኩን ዝም ብሎ ወደ ማዶ ቢመታው አይሲንግ ይባልበታል። ጨዋታው ራሱ ግብ አጠገብ እንደገና ይጀመራል። የደከሙት ጓደኞቹም መቀየር አይፈቀድላቸውም። አንድ ተጫዋች በአንድ ጊዜ በረዶው ላይ የሚቆየው 45 ሰከንድ አካባቢ ነው። ከዚያ ካለፈ እግር ይከዳል። ብዙ ግብ የሚገባውም እንዲህ የደከመ ቡድን ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ነጥብ ተብሎ አይመዘገብም። አሰልጣኙ ግን ያየዋል። አሰልጣኙ ያመነበት መሆኑን ማወቅ የፈለገ ሰው ግቡን ትቶ ደቂቃውን ይቁጠር። አንድ ቡድን ባብዛኛው ስድስት ተከላካዮችን በሦስት ጥንድ ያሰልፋል። ከ60 ደቂቃው ውስጥ የመጀመሪያው ጥንድ ከ20 በላይ ሊጫወት ይችላል። ፍሬሹ ከሦስተኛው ጥንድ ተነስቶ የውድድር ዓመቱ ሳይጋመስ ወደ ሁለተኛው ከወጣ፣ ያውም ቡድኑ አንድ ለዜሮ እየመራ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ከገባ፣ ልጁ ተሳክቶለታል።

«በድራፍት ከላይ የተመረጠ ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ያንበሸብሸናል»

ድራፍት የፕሮፌሽናሉ ሊግ የኤንኤችኤል ክለቦች በየዓመቱ ወጣቶችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ኬል ማካር እ.ኤ.አ. በ2017 ከሁሉም አራተኛ ሆኖ በኮሎራዶ አቫላንሽ ተመረጠ። የሄደው ግን ወደ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ፣ አምኸርስት ነው። ቡድኑ በቀደመው ዓመት ያሸነፈው አምስት ጨዋታ ብቻ ነበር። የደጋፊውን ጉጉት መገመት አያዳግትም።

በመጀመሪያው ዓመት ማካር በ34 ጨዋታ 21 ነጥብ አገኘ። ጥሩ ነው፤ ጉድ የሚያሰኝ ግን አይደለም። ቡድኑም 17 አሸንፎ 20 ተሸነፈ። በሁለተኛው ዓመት በ41 ጨዋታ 49 ነጥብ ሆነ። የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሸለመውን የሆቢ ቤከር ሽልማትም ወሰደ። ቡድኑ 31 ጨዋታ አሸነፈ። በመሃሉ ያለፈው አንድ ክረምት ነው።

ከመጀመሪያው ቀን የሚያንበሸብሽ የለም ማለት አይደለም። ወላጆቹ ከእስራኤል የመጡት ዜቭ ቡዪም ለዴንቨር በፍሬሽነቱ 50 ነጥብ አስመዝግቦ በ2024 ዋንጫም አንስቷል። እንዲህ ያለው ግን በጣም ጥቂት ነው። የኮሌጅ ሆኪ ተጋጣሚዎች ልጆች አይደሉም፤ 23 እና 24 ዓመት የሞላቸው ጠንካራ ሰዎች ብዙ ናቸው።

«አንድ ኮከብ ከመጣ ዋንጫው የኛ ነው»

ሚሺጋን በ2021–22 አንድ ኮከብ ብቻ አልነበረም ያለው። በ2021ዱ ድራፍት ከመጀመሪያዎቹ አምስት ምርጦች አራቱ እዚያ ነበሩ። አንደኛ የተመረጠው ኦወን ፓወርና አራተኛው ሉክ ሂዩዝ ሁለቱም ተከላካዮች ናቸው። በግማሽ ፍጻሜው ዴንቨር በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸነፋቸው። ዋንጫውንም ዴንቨር በላው።

የማካር ቡድንም በ2019 ፍጻሜ ደርሶ በሚኒሶታ ዱሉት 3 ለ 0 ተሸነፈ። ማሳቹሴትስ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያገኘው በ2021፣ ሴንት ክላውድ ስቴትን 5 ለ 0 አሸንፎ ነው። ያኔ ማካር ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከሱ ጋር አብሮ የገባው ጎበዙ ተከላካይ ማሪዮ ፌራሮም አልነበረም። አሰልጣኙ ግሬግ ካርቬል ግን ነበሩ።

«ድራፍት ከተደረገ የክለቡ ንብረት ነው»

አይደለም። ክለቡ የሚይዘው ልጁን የማስፈረም መብት ብቻ ነው። እስኪፈርም ድረስ ተማሪ ነው፤ ክፍል ይገባል፣ ይፈተናል። ኦወን ፓወር አንደኛ ከተመረጠ በኋላ ተመልሶ ሚሺጋን ተምሯል።

«ቁመቱ አጭር ነው፤ ይደቅቃል»

ክዊን ሂዩዝ 1.78 ሜትር ገደማ ነው። ከሚሺጋን ወጥቶ በ2024 የኤንኤችኤል ምርጥ ተከላካይ ተባለ። ሃትሰን በቁመቱ ምክንያት እስከ 62ኛ ተራ ድረስ ዘልለውት ነበር። በ2025 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ። በረዶ ላይ ፈጥኖ የሚዞርን ልጅ ለመግጨት መጀመሪያ መድረስ ያስፈልጋል።

«ከካናዳ ትልልቅ የወጣት ሊጎች ተጫዋች አይመጣም»

ይህ እስከ ቅርብ ጊዜ እውነት ነበር። እዚያ የተጫወተ እንደ ፕሮፌሽናል ይቆጠርና የኮሌጁ በር ይዘጋበት ነበር። ካናዳዊው ማካር አልበርታ ውስጥ ብሩክስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ዝቅ ባለ ሊግ የተጫወተው ያ በር ክፍት እንዲሆንለት ነው። የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል ኤንሲኤኤ ኖቬምበር 2024 ላይ ደንቡን ለወጠ፤ ከኦገስት 1 ቀን 2025 ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ። አሁን ደጋፊው ተስፋ የሚያደርግባቸው ልጆች በዝተዋል። የወንበሩ ቁጥር ግን ያው ስለሆነ ቦታቸውን የሚያጡ ነባሮችም አሉ።

«አራት ዓመት አብሮን ይቆያል»

ትምህርቱ አራት ዓመት ነው። የጎበዝ ተከላካይ ቆይታ ግን ሌላ ነው። ማካር ሁለት ዓመት፣ ክዊን ሂዩዝ ሁለት፣ ሃትሰን ሁለት፣ ቡዪም ሁለት። መሄጃቸውም ድንገተኛ ነው። ማካር ኤፕሪል 12 ቀን 2019 ሽልማቱን ተቀበለ። ኤፕሪል 13 በፍጻሜው ተሸነፈ። በማግስቱ ለአቫላንሽ ፈረመ። ኤፕሪል 15 በተወለደባት በካልጋሪ ከተማ ቡድን ላይ የመጀመሪያውን የኤንኤችኤል ጨዋታ ተጫውቶ ግብ አገባ። ለአምኸርስት የተጫወተው በጠቅላላው 75 ጨዋታ ነው። 34ቱን «የታለ ታዲያ?» እያለ ያሳለፈ ደጋፊ የቀሩት 41 ብቻ ነበሩ።