ብግነት ምንድን ነው? ከኢንፌክሽንስ በምን ይለያል?

እግሩን ወለም ብሎት ቁርጭምጭሚቱ ያበጠ ሰው ምክር ሲጠይቅ፣ አንድ አስተያየት ሰጪ በሙሉ ልብ መለሰለት፦ ካበጠና ከሞቀ ብግነት አለ፤ ብግነት ካለ ኢንፌክሽን አለ፤ ስለዚህ አንቲባዮቲክ ጀምር። የመጀመሪያው ልክ ነው። ሁለተኛው ስሕተት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሰው ይጎዳል። ይህን ቅብብል ደጋግሜ ስላየሁት ዝም ማለት አልቻልኩም።

አማርኛችን ራሱ ሁለቱን ለይቶ ያውቃል። ቁስሉ «ተቆጣ» ስንልና «አመረቀዘ» ስንል አንድ ነገር እያልን አይደለም። ብግነት መቆጣቱ ነው። ኢንፌክሽን ተሕዋስ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሲራባ ነው፤ ብግነት ግን ሰውነት ራሱ የሚሠራው ሥራ ነው።

ሌሊት ኡኡታ ሰምቶ የሚሮጥ ጎረቤት አስቡ። ሌባ ገብቶ ይሁን ግድግዳ ተደርምሶ፣ ሳይጠይቅ ይወጣል፤ ያስነሳው ጩኸቱ ነውና። ሕዋስ ሲቀጠቀጥ ወይም ሲቀደድ፣ ውስጡ መቆየት የነበረባቸው እንደ ኤቲፒ (ሕዋስ ለኃይል የሚጠቀምበት ሞለኪውል) ያሉ ነገሮች ውጭ ይፈስሳሉ። ኡኡታው ይህ ነው። አጠገቡ ያሉት ማስት ሴሎች፣ ማለትም ዘብ የሚቆሙ የመከላከያ ሕዋሳት፣ ሂስታሚን የሚባል ኬሚካል ይለቃሉ፤ ትንንሾቹ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ የግድግዳቸው መጋጠሚያም ይላላል። አጥሩ ለደራሾቹ ተከፈተ ማለት ነው። በዚያው ክፍተት ፈሳሽና ፕሮቲን ስለሚወጣ ያብጣል፤ ደም ስለሚበዛ ይሞቃል፣ ይቀላል፤ ፕሮስታግላንዲንና ብራዲካይኒን የሚባሉ ኬሚካሎች ነርቮቹን ስለሚያነቁ ያማል። ሮማዊው ሴልሰስ ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት የጻፋቸው አራት ምልክቶች እነዚሁ ናቸው፤ አንዳቸውም ባክቴሪያ መኖሩን አያረጋግጡም። (በነገራችን ላይ፣ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። የእጅን ጀርባ አስነክቶ ሙቀቱን ከደህናው ጎን ጋር ማነጻጸር ይሻላል።)

በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይደርሳሉ። እንደ ማንኛውም በጨለማ የሚሮጥ ሰው፣ ደህናውንም አትክልት ይረጋግጣሉ፤ የሚረጩት ኢንዛይም ጤነኛ ሥጋ አይለይም። ከጎረቤቶቹ የሚለዩት አብዛኞቹ ወደ ቤታቸው አለመመለሳቸው ነው። እዚያው ይሞታሉ። ቀጥለው የሚበዙት ማክሮፌጆች፣ ማለትም ዋጭ የመከላከያ ሕዋሳት፣ ፍርስራሹንም የሞቱትንም ይውጣሉ፤ ይህ መዋጥ ራሱ ማክሮፌጆቹን ከማጽዳት ወደ መጠገን ያዞራቸዋል። እብጠት አጥፊ ብቻ የሚመስለው ሰው ጥገናው በዚህ በኩል እንደሚጀምር ቢያውቅ እወዳለሁ። ብግነትን የሚያፍነውን ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች ቁስላቸው ቶሎ የማይድነው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጩኸቱ ሳያቆም ሲቀር ግን፣ እንደ ሥር የሰደደ የመገጣጠሚያ ብግነት ባሉ ሕመሞች፣ ረጋጩ ከጠጋኙ ይበልጣል።

እኔ ፓቶሎጂስት ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ናሙና በማይክሮስኮፕ አያለሁ። በልብ ድካም ሳይሆን በድንገተኛ የልብ ጡንቻ መሞት ያለፈ ሰው ልብ ላይ፣ ደሙ ከተቋረጠ ከአንድ እስከ ሦስት ባለው ቀን፣ የሞተው ጡንቻ በኒውትሮፊል ተጥለቅልቆ አገኘዋለሁ። አንድም ባክቴሪያ የለበትም። ደሙ የተቋረጠው ከስንት ቀን በፊት እንደሆነ የምገምተውም በእነዚህ ሕዋሳት ነው። ፀሐይ ያቃጠለው ቆዳም እንደዚያው ነው። ወለም ያለው ቁርጭምጭሚትም ቆዳው እስካልተቀደደ ድረስ ከእነዚህ ወገን ነው፤ አንቲባዮቲኩ የሚገድለው የለውም። የሚያገኘው ደህናዎቹን የአንጀት ባክቴሪያዎች ነው።

ይህን ስል ግን ሁሉም እብጠት ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ከቀናት በኋላ ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ የሚጨምር፣ ዙሪያው እየሰፋ የሚሄድ፣ መግል የቋጠረ ወይም ትኩሳት ያስከተለ ቁስል ሐኪም ማየት አለበት። በተለይ ሳይመታ በድንገት ያበጠና የሚያቃጥል ጉልበት። የዩሪክ አሲድ ክሪስታልም (መገጣጠሚያ ውስጥ የሚጠራቀም ጥቃቅን ጠጣር) ባክቴሪያም መገጣጠሚያን በአንድ ዓይነት መልክ ያስቆጣሉ፤ በዓይን አይለዩም። ፈሳሹ በመርፌ ተቀድቶ መመርመር አለበት። ክሪስታል ተገኘ ማለትም ባክቴሪያ የለም ማለት ስላልሆነ፣ የካልቸር (ባክቴሪያ ካለ አብቅሎ የሚያሳይ ምርመራ) ውጤቱ ይጠበቃል።