የእንግሊዝኛ የእንቅስቃሴ ግሶች ከተውሳከ ግስ ጋር ሲጣመሩ

እንግሊዝኛ የእንቅስቃሴን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚገልጸው ግሱን ተከትላ በምትመጣ አጭር ቃል፣ ማለትም በተውሳከ ግስ ነው። «ጎ» ብቻውን መሄድ ነው፤ «ጎ ኢን» መግባት፣ «ጎ አውት» መውጣት፣ «ጎ ዳውን» መውረድ ይሆናል። በ«ጎ» ፋንታ «ካም» ከተባለ መግባቱ ወይም መውጣቱ እንዳለ ሆኖ እንቅስቃሴው ወደ ተናጋሪው ወይም ወደ አድማጩ ይሆናል። «ቴክ» እና «ብሪንግ»ም የሚለያዩት እንዲሁ ነው።

አማርኛ አቅጣጫውን በግሱ ውስጥ አጥብቆ ይዞታል፦ ገባ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ተመለሰ። የአካሄዱን ዓይነት የሚነግረን ከፊት የሚቀድመው ግስ ነው። «ሮጦ ወጣ» ሲባል ማሰሪያው መውጣት ነው፤ በእንግሊዝኛው «ራን አውት» ግን ማሰሪያው መሮጥ ሲሆን መውጣቱን «አውት» ይሸከማል። ሌናርድ ታልሚ የተባሉት የቋንቋ ምሁር የዓለም ቋንቋዎችን የመደቡት በዚህ ልዩነት ነው።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ አቅጣጫ አመልካቹ ቃል ብዙ ጊዜ ግሱን ይቀድም ነበር፤ ወደ ኋላ የዞረው በመካከለኛው ዘመን ነው። ለዚህ የስካንዲኔቪያ ቋንቋ ተጽዕኖ ሳይኖርበት አይቀርም የሚሉ አሉ። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባወጣው መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ ለባዕዳን ተማሪዎች ትልቁ ችግር ይኸው ጥምረት መሆኑን አስፍሯል፤ ስለዚህም ጥምረቶቹን በብርቱ ጥንቃቄ መዝግቧቸዋል። ለዚህ ጥምረት የሚውለውን «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለውን ስያሜ ደራሲው ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1925 ተጠቅሞበታል፤ ቃሉን የጠቆመው የመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ሄንሪ ብራድሊ መሆኑንም ተናግሯል።

ዋናው ፈተና ተውሳከ ግሱን ከመስተዋድድ መለየት ነው። «ሂ ራን አፕ ኤ ሂል» ኮረብታ ላይ ሮጦ ወጣ ነው፤ «ሂ ራን አፕ ኤ ቢል» ዕዳ አከማቸ ነው። «አፕ» በመጀመሪያው ከስም ጋር የሚሄድ መስተዋድድ፣ በሁለተኛው ከግሱ ጋር የሚሄድ ተውሳከ ግስ ነው። መለያው ተውላጠ ስም ነው። ለኮረብታው «ራን አፕ ኢት»፣ ለዕዳው «ራን ኢት አፕ» ይባላል። ተሳቢው ሙሉ ስም ሲሆን «ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ» ማለትም «ቴክ ዩር ሹዝ ኦፍ» ማለትም ይቻላል፤ ተውላጠ ስም ሲሆን ግን «ቴክ ዘም ኦፍ» ብቻ ነው። «ቴክ ኦፍ ዘም» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። ተውሳከ ግሱ ወደ ፊት ሲመጣም ተመሳሳይ ሕግ አለ፦ «ኢን ኬም ዘ ቲቸር» ትክክል ነው፤ በተውላጠ ስም ሲሆን ግን «ኢን ሺ ኬም» ይባላል እንጂ «ኢን ኬም ሺ» አይባልም።

ትርጉሙ ከእንቅስቃሴ ሲርቅ ተማሪው በብዛት የሚሳሳተው በ«ጎ ኦፍ» ነው። መብራት «ጎ ኦፍ» ካደረገ ጠፋ፤ የማንቂያ ደወል «ጎ ኦፍ» ካደረገ ግን ጮኸ። ቦምብ ይፈነዳል፤ በብሪታንያ አነጋገር ወተትም ይበላሻል። አራቱንም የሚያገናኛቸው ነገሩ ከነበረበት ሁኔታ መላቀቁ ነው። «ረን አውት» ማለቅን፣ «ካም ራውንድ» ራሱን ስቶ የነበረ ሰው መንቃቱን፣ «ጎ ኦን» መቀጠልን ይገልጻል።

ጊዜ ሲለወጥ የሚለወጠው ግሱ ብቻ ነው፦ «ጎ አውት»፣ «ዌንት አውት»። በንግግር የድምፁ ጫና በተውሳከ ግሱ ላይ ያርፋል፤ «ቴክኦፍ» ስም ሆኖ የአውሮፕላን መነሣት ሲባል ግን ጫናው ወደ «ቴክ» ይሻገራል።

አማርኛ ተናጋሪዎች ከላቲን የመጡትን «ኤንተር»ን፣ «ኤግዚት»ን እና «ሪተርን»ን ያዘወትራሉ፤ ከራሳቸው ግሶች ጋር ስለሚገጥሙላቸው ነው። «ሂ ኤግዚትድ ራኒንግ» ሰዋስዉ የተሟላ ቢሆንም የዕለት ተዕለት ንግግር አይደለም። «ሪተርን ባክ»ም መመለስን ሁለት ጊዜ ይናገራል፤ «ጎ ባክ» ወይም «ካም ባክ» ይበቃል።