«አይደለሁም» ያለው ቅዱስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንኳን ለርእሰ ዐውደ ዓመት፣ ለመጥምቁ ለቅዱስ ዮሐንስ በዓል በሰላም አደረሰን።

ከበዓሉ በኋላ በነበረው ቅዳሜ አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት እኅታችን ከጉባኤ ስወጣ በር ላይ ጠበቀችኝ። «መምህር፣ 28 ዓመቴ ነው። የተፈጠርኩበትን ዓላማ ግን እስካሁን አላወቅኩትም» አለች። እንባዋ ቀርቧል። ለካ ገንዘብ ከፍላ፣ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የሁለት ቀን «ራስን የማወቅ» ሥልጠና ወስዳለች። ደብተሯን አወጣችልኝ። በየገጹ አናት ላይ «እኔ ማን ነኝ?» ይላል። ከሥሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ፦ እኔ መሪ ነኝ። እኔ አሸናፊ ነኝ። እኔ ልዩ ነኝ። «ልዩ» የሚለው ሁለቴ ተሰምሮበታል።

ሥልጠናውን አልነቅፍም፤ አልነበርኩበትም። ደብተሩን ሳገላብጥ ግን ገና ሰሞኑን ያከበርነው ቅዱስ ትዝ አለኝ። እርሱም ይኸው ጥያቄ ቀርቦለት ነበር።

ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 1ን አውጡ። ከኢየሩሳሌም ካህናትና ሌዋውያን ተልከው መጥተው «አንተ ማን ነህ?» አሉት። ሕዝቡ በዚያ ሰሞን «ይህ ክርስቶስ ይሆንን?» እያለ በልቡ ያስብ እንደነበር ሉቃስ ጽፏል። ዮሐንስ አዎ ማለትም አያስፈልገውም ነበር፤ ዝም ቢል ይበቃል። እርሱ ግን «እኔስ ክርስቶስ አይደለሁም» አለ። ኤልያስ ነህን? «አይደለሁም።» ነቢዩ ነህን? «አይደለሁም።» መልሱ እንዴት እንደሚያጥር አያችሁ? እኛ ስለ ራሳችን ስንጠየቅ እኮ ማን ያስቆመናል!

«ስለ ራስህ ምን ትላለህ?» ብለው ሲይዙት ነው «በምድረ በዳ የሚጮህ ሰው ድምፅ እኔ ነኝ» ያለው። ድምፅ ነኝ አለ። ቃልማ ሌላ ነው፤ ወንጌሉ «በመጀመሪያው ቃል ነበረ» ብሎ የጀመረለት ጌታ ነው። ድምፅ ቃሉን ከጆሮ ያደርስና ይጠፋል። ይህንንም ማንነቱን ዮሐንስ ከራሱ አላመነጨውም። ከኢሳይያስ መጽሐፍ ነው ያገኘው።

እኔን ሁሌም የሚደንቀኝ የኤልያስ ነገር ነው። ዮሐንስ «አይደለሁም» አለ። ጌታ ግን በማቴዎስ 11 «ሊመጣ ያለው ኤልያስ ይህ ነው» ብሎ መሰከረለት። ታዲያ ማን ልክ ነው? ሁለቱም። በአካል ኤልያስ አልነበረም፤ መልአኩ ለዘካርያስ እንደነገረው ግን በኤልያስ መንፈስና ኃይል ነው የሄደው። እርሱ ለራሱ ያልወሰደውን ክብር ጌታ ሰጠው። «ከሴቶች ከተወለዱት መካከል ከመጥምቁ ዮሐንስ የሚበልጥ አልተነሣም» የተባለውም እዚያው ምዕራፍ ላይ ነው። ይህ ሲነገርለት ዮሐንስ ወኅኒ ነበር። ወደ ጌታ የላካቸው ደቀ መዛሙርቱም መልሱን ይዘው ሄደዋል። በጆሮው አልሰማውም።

ደግሞ ራሱን ሚዜ ይላል። «ሙሽራይቱ ያለችው እርሱ ሙሽራ ነው፤ ቆሞ የሚሰማው ሚዜው ግን በሙሽራው ድምፅ እጅግ ደስ ይለዋል።» ሚዜነትን የኛ ሰው ያውቀዋል። ከንጋት ጀምሮ ላብ በላብ ይሆናል። ቀለበቱን ኪሱ ውስጥ አሥር ጊዜ ይዳብሳል፣ ሽቶ ይረጫል፣ የሙሽራውን ግንባር በመሐረብ ያብሳል። ፎቶ ላይ መሐል ገብቶ ሙሽራዋን እጇን ቢይዝስ? አጎቶቿ ይነሡበታላ!

እኛ ቤት ይህ እየሆነ ነው፤ ልቤ የሚያዝነው እዚህ ላይ ነው። በቅርቡ አንድ የጉባኤ ባነር አየሁ። የሰባኪው ፎቶ ከላይ እስከ ታች ሞልቶታል። የበዓሉ ባለቤት ቅዱስ ግን ጥግ ላይ፣ ከስልክ ቁጥሩ አጠገብ፣ እንደ ቴምብር ተለጥፎ ነበር። ዝማሬው ሳያልቅ ስንት ሰው አየን ብለን ቲክቶክ የምንከፍተው እኛው ነን። «እኔ ካልኖርኩ ይህ ማኅበር ይፈርሳል» የምንለውም እኛው። ከዚያ ደግሞ ለወጣቶች «ጥሪያችሁን እወቁ» ብለን እናስተምራለን። ከማን አይተው ይወቁ?

እኔም ንጹሕ ነኝ አልልም። በጉርምስናዬ የቅዱስ ያሬድን ዜማ፣ ድጓን፣ ካልተማርኩ ብዬ የኔታ ዘንድ ሄጄ ነበር። ድጓውን ወድጄው መስሎኝ ነበር፤ የወደድኩት ግን በማኅሌት መሐል መቆምን ነው። የኔታ ሳምንት ሙሉ ታገሡኝና «ልጄ፣ ይህ ድምፅ ለዚህ አልተሰጠም። ፊደል የሚያስቆጥር ቸግሮናል፤ ከሕፃናቱ ጋር ተቀመጥ» አሉኝ። ተናደድኩ። ሁለት ቀን አልሄድኩም። በሦስተኛው ቀን አፍሬ ተመለስኩና ከሕፃናቱ መሐል ተቀመጥኩ። ይኸው እስከዛሬ ከዚያ አልተነሣሁም። እውነቱን ለመናገር፣ ለራሴ ያን «አይደለህም» የምልበት ወኔ አልነበረኝም። ለዚህ ነው የንስሐ አባት ሳይኖረን ራሳችንን እናውቃለን ማለት የሚያስፈራኝ።

ሌላም አለ። ሕዝቡ ዮሐንስን «እንግዲህ ምን እናድርግ?» ብለው ሲጠይቁት ማንንም በረሃ ግባ፣ የግመል ጠጉር ልበስ አላለም። ሁለት ልብስ ያለህ ለሌለው አካፍል አለ። ቀራጩን ከታዘዘልህ አብልጠህ አትውሰድ፣ ወታደሩን በደመወዝህ ይብቃህ አለ። ቀራጩም ወታደሩም ወደየሥራቸው ተመለሱ ማለት ነው።

ለዚያች እኅቴ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት፦ «ዮሐንስ በአንቺ ዕድሜ የት ነበር?» ዝም አለች። ጌታችን ማስተማር ሲጀምር 30 ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። ዮሐንስ በስድስት ወር ይበልጠዋል። ለእስራኤል እስኪታይ ድረስ በምድረ በዳ እንደኖረ ደግሞ ሉቃስ ጽፏል። እንግዲህ በ28 ዓመቱ አንበጣና የበረሃ ማር እየበላ፣ አንድም ሰው ሳያጠምቅ፣ ስሙን ሰው ሳያውቀው እዚያው በረሃ ነበር። እንደዘገየ የነገረው አልነበረም።

«ታዲያ ምን ልጻፍ?» አለችኝ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

«መጀመሪያ ያልሆንሽውን ጻፊ። ለኔ አታሳዪኝ፤ ለንስሐ አባትሽ ውሰጂው።»

እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ መጻፍ ጀመረች። ሦስት መስመር ያህል እንደጻፈች ስልኳ ጮኸ። «መጣሁ እማማ፣ ደረስኩ» አለችና ደብተሯን አጠፈች። አያቷ ናቸው። እግራቸው ከታመመ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግፋ ጠበል የምታደርሳቸው እሷ ናት።

ይህ ደብተሩ ላይ የትም አልተጻፈም ነበር።