ወርቁ የቀነኒሳ፣ የቡድኑ ድል የኬንያ፦ የአገር አቋራጭ ነጥብ እንዴት ይቆጠራል?

እ.ኤ.አ. በ2003 ስዊዘርላንድ ላይ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ቀነኒሳ በቀለ ረጅሙን ውድድር አሸነፈ፤ የቡድኑን ወርቅ ግን ኬንያ ወሰደች። ብዙ ተመልካች የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው።

በአገር አቋራጭ የሯጩ ደረጃ ራሱ ነጥብ ነው። አንደኛ የወጣ 1፣ ሃያኛ የወጣ 20 ይያዝለታል። ከየአገሩ ቀድመው የገቡት አራት ሯጮች ደረጃ ይደመርና ትንሹን ድምር ያገኘ ቡድን ያሸንፋል። ከእግር ኳስ ለመጣ ሰው ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

አንድ አገር 1ኛ፣ 9ኛ፣ 14ኛ እና 20ኛ ቢወጣ 44 ነጥብ ይሆናል። ተቀናቃኙ 3ኛ፣ 5ኛ፣ 6ኛ እና 8ኛ ከሆነ 22 ብቻ ነው፤ ያለ አንድ ወርቅ በሰፊ ልዩነት ይበልጣል። ስለዚህ ካሜራው የሚረሳው አራተኛው ሯጭ፣ በጭቃው ውስጥ ሁለት ሰው ቢቀድም፣ ለቡድኑ ሁለት ነጥብ ያተርፋል። እኔ በበኩሌ ከመሪዎቹ ይልቅ እሱን ማየት ይበልጥ ያጓጓኛል። አራት ሯጭ ያላስጨረሰ አገር በቡድን ደረጃ አይገባም።

የቡድን ድምር ከ10 (1+2+3+4) በታች ሊወርድ አይችልም፤ ኬንያውያን ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2017 ካምፓላ ላይ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ተከታትለው በመግባት ይህንኑ አስመዝግበዋል።