ከባድ አስም እና ባዮማርከር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አስም ያው አስም ነው፤ ለአንዱ የሠራ መድኃኒት ለሌላውም ይሠራል።»

ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። ሜፖሊዙማብ የተባለውን መርፌ እንይ። የአስም ዓይነታቸው ሳይለይ ለሕሙማን ተሰጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ውጤት የሚያስደስት አልነበረም። በ2009 ግን ኢዮሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ለበዛባቸው ብቻ ተሰጥቶ ሲታይ፣ ሕመሙ የሚነሣበት ጊዜ በግልጽ ቀነሰ። መድኃኒቱ ያው ነው። የተለየው የሚወስደው ሰው ነው። ባዮማርከር የምንለውም ይህን ልዩነት የሚጠቁም ልኬት ነው፦ በደም ያለ ኢዮሲኖፊል፣ ከትንፋሽ ጋር የሚወጣ ናይትሪክ ኦክሳይድ፣ አይ ጂ ኢ የተባለው የአለርጂ ፀረ እንግዳ አካል።

«ኢዮሲኖፊሌ አንዴ ተለክቶ ዝቅ ብሏል፤ በቃ፣ መርፌው አይሆነኝም።»

አትቸኩሉ። ቁጥሩ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ይለዋወጣል። ከሁሉ የሚያሳስተው ደግሞ ፕሬድኒሶሎን የተባለው የስቴሮይድ ክኒን ነው። ክኒኑን እየወሰዳችሁ ከተለካ ኢዮሲኖፊሉ ወርዶ ይገኛል፤ የአስሙ ዓይነት ግን አልተለወጠም። ስለዚህ ምርመራው ይደገማል፤ የድሮ የደም ውጤቶችም ይገላበጣሉ። እባካችሁ የቆዩ ወረቀቶቻችሁን አትጣሉ! ክኒኑንም ለምርመራ ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ አደገኛ ነው። ሲጋራም የትንፋሹን ናይትሪክ ኦክሳይድ ያወርዳል።

«ኢዮሲኖፊል ከፍ ካለ ምክንያቱ አስም ነው።»

የግድ አይደለም። የአንጀት ትላትልም ከፍ ያደርጉታል። ትል ካለ መርፌው ከመጀመሩ በፊት መታከም አለበት።

«አይ ጂ ኢ በበዛ ቁጥር ኦማሊዙማብ የበለጠ ይሠራል።»

አይደለም። ኦማሊዙማብ አይ ጂ ኢን የሚያግድ መርፌ ነው፤ ቁጥሩ ግን በዋናነት የሚጠቅመው ከክብደት ጋር ተሰልቶ የመርፌውን መጠን ለመወሰን ነው።

«ሁሉም ቁጥሮች ዝቅ ካሉ ተስፋ የለም።»

እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ቴዜፔሉማብ የተባለ ሌላ መርፌ እነዚህ ቁጥሮች ዝቅ ላሉባቸውም ሊሰጥ ይችላል። ጥቅሙ የሚጎላው ከፍ ላሉባቸው ቢሆንም፣ በሩ አልተዘጋም።

«ናይትሪክ ኦክሳይዴ ከፍ ብሏል፤ ስለዚህ ቀጥታ ወደ መርፌ።»

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ቁጥሩ ከፍ ያለው በኢንሄለር የሚሳበው ስቴሮይድ ሳንባ ስላልደረሰ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ይረሳዋል፤ ሌላው በየቀኑ ይወስዳል፣ አሳሳቡን ግን በትክክል ያሳየው ሰው የለም። ይህ የሚያስወቅስ ነገር አይደለም። ቀጠሮ ስትሄዱ ኢንሄለራችሁን ያዙና «አሳሳቤን እዩልኝ» በሉ። አንዳንዴ መርፌ ሳያስፈልግ ሕመሙ የሚረጋው እዚያው ላይ ነው።