የአሜሪካ ኢኮኖሚ ከ1929 እስከ 1946፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአሜሪካ ኢኮኖሚ በ1930ዎቹ የገባበት ቀውስና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያሳየው ዕድገት ብዙ ጊዜ በአራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይነገራል፦ የአክሲዮን ገበያው በአንድ ቀን ተንኮታኮተ፣ ፕሬዚዳንት ሁቨር እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፣ በ1933 የተካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሀገሪቱን አዳነ፣ ጦርነቱ ደግሞ አበለጸጋት። እያንዳንዱ አባባል የተወሰነ እውነት ስላለው ለማረም ያስቸግራል። የየዓመቱን ቁጥር በቅደም ተከተል ያየ ሰው ግን ሌላ ታሪክ ያገኛል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የምርት ዕድገት መቶኛዎቹም የዋጋ ለውጥ የተቀነሰላቸው ናቸው።

«የዚያ ዘመን መሪዎች የሀገር ውስጥ ምርትን ቁጥር እያዩ ይወስኑ ነበር»

አያዩም ነበር፤ ቁጥሩ ገና አልነበረምና። ሁቨር የኢኮኖሚውን ሁኔታ የሚገምተው ከባቡር ፉርጎዎች ጭነት መጠን፣ ከብረት ፋብሪካዎች ምርት፣ ከአክሲዮን ዋጋና ከመሳሰሉት ቁርጥራጭ መረጃዎች ነበር። በ1932 የሀገሪቱ ሴኔት የብሔራዊ ገቢ ስሌት እንዲቀርብለት ጠየቀ፤ ሥራውም በዛሬዋ ቤላሩስ ውስጥ በምትገኘው ፒንስክ ለተወለደው ኢኮኖሚስት ለሳይመን ኩዝኔትስ ተሰጠ። ሪፖርቱ በጃንዋሪ 1934 ሲቀርብ፣ ሀገሪቱ ያመነጨችው ገቢ በወቅቱ ዋጋ ሲሰላ በ3 ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ መውደቁን አሳየ። ያኔ ሁቨር ሥልጣን ከለቀቀ አንድ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። ኩዝኔትስ በዚያው ሪፖርት የአንድን ሕዝብ ደኅንነት ከብሔራዊ ገቢው መጠን ብቻ መገመት እንደማይቻል አስጠንቅቋል፤ ማስጠንቀቂያው ወደ ጦርነቱ ዓመታት ስንደርስ ያስፈልገናል። እንግዲህ «በ1930 ምርት 8.5 በመቶ ቀነሰ» ስንል፣ በ1930 ማንም ያልነበረውንና ከዓመታት በኋላ የተሰላን ቁጥር እየጠቀስን ነው።

«ቀውሱን ያመጣው የኦክቶበር 1929 የአክሲዮን ገበያ ውድቀት ነው»

የትልልቅ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ የሚያሳየው የዳው ጆንስ መለኪያ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1929 ወደ 381 ከፍ ብሎ ነበር። ኦክቶበር 28 ወደ 13 በመቶ፣ በማግስቱ ደግሞ ወደ 12 በመቶ ወደቀ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን በኤፕሪል 1930 መለኪያው ወደ 294 መመለሱ ነው። ወለሉን የነካው ጁላይ 8 ቀን 1932፣ 41 ላይ ሲደርስ ነበር። የምርት እንቅስቃሴውም ቢሆን መቀዝቀዝ የጀመረው ከገበያው ውድቀት ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በኦገስት 1929 ነው። በ1930 አማካይ የሥራ አጦች ቁጥር 9 በመቶ እንኳ አልሞላም፤ ነገሩ በዚያ ቢቆም ኖሮ ዛሬ የሚያስታውሰው የታሪክ ተማሪ ብቻ በሆነ ነበር።

ተራውን መቀዛቀዝ ወደ ታላቅ ቀውስ የለወጡት ባንኮች ናቸው። ከ1930 መጨረሻ ጀምሮ የባንክ መዘጋት በማዕበል በማዕበል መጣ። የተቀማጭ ገንዘብ ዋስትና ስላልነበረ አንድ ባንክ ሲዘጋ የጎረቤቱ ባንክ ደንበኞች በር ላይ ይሰለፋሉ፤ የተሰለፉበት ባንክም ጤነኛ የነበረ ቢሆን እንኳ ይዘጋል። እንግሊዝ በሴፕቴምበር 1931 የወርቅ ሥርዓትን፣ ማለትም የገንዘቧን ዋጋ ከተወሰነ የወርቅ መጠን ጋር ማሰሯን፣ ስትተው፣ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው ፌዴራል ሪዘርቭ የሀገሪቱን ወርቅ ለመከላከል በቀውሱ መካከል የወለድ መጠኑን ከ1.5 ወደ 3.5 በመቶ አሳደገ። እስከ 1933 ድረስ 9,000 ገደማ ባንኮች ወደቁ፤ በሀገሪቱ የሚዘዋወረው ገንዘብም በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀነሰ።

ይህ በተራ ሰው ኑሮ ላይ ምን ማለት እንደነበረ ስንዴ ያሳየናል። በ1929 ገበሬው ለአንድ ቡሽል፣ ማለትም ለ27 ኪሎ ገደማ፣ በአማካይ 1 ዶላር ከጥቂት ሳንቲም ያገኝ ነበር፤ በ1932 ግን 38 ሳንቲም ብቻ። የባንክ ዕዳው ደግሞ በዶላር የተጻፈ ስለሆነ ከዋጋው ጋር አብሮ አይወርድም። ስለዚህ 100 ዶላር ለመክፈል በፊት 26 ኩንታል ያህል ስንዴ መሸጥ ይበቃው የነበረ ገበሬ፣ በ3 ዓመት ውስጥ ከ70 ኩንታል በላይ መሸጥ ግድ ሆነበት። የዋጋ ንረትን ብቻ ለሚፈራ አንባቢ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ የዋጋ መውደቅም ባለዕዳን እንዲህ አድርጎ ያጠፋል።

በጁን 1930 የወጣውና ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጥ ያሳደገው የስሙት-ሃውሊ ሕግ ሁሉን አመጣ የሚሉም አሉ። ሕጉ መጥፎ ነበር፤ ነገር ግን በ1929 የአሜሪካ የወጪ ንግድ ከጠቅላላ ምርቷ 5 በመቶ ገደማ ስለነበር ያን ያህል ውድቀት ብቻውን ሊሸከም አይችልም።

«ሁቨር ምንም አላደረገም»

አደረገ፤ የሠራው ግን እርስ በርሱ ይጋጭ ነበር። በኖቬምበር 1929 የትልልቅ ኩባንያ ባለቤቶችን ጠርቶ ደመወዝ እንዳይቀንሱ አግባባ፣ የመንግሥት ግንባታን አስፋፋ፣ በጃንዋሪ 1932 ለባንኮችና ለባቡር ኩባንያዎች የሚያበድር የመንግሥት ተቋም እንዲቋቋም አደረገ። በዚያው ዓመት ግን በጀቱን ለማመጣጠን ሲል ከፍተኛውን የገቢ ግብር ከ25 ወደ 63 በመቶ የሚያሳድግ ሕግ ፈረመ። በ1932 ምርት በ12.9 በመቶ ቀነሰ፤ ከቀውሱ ዓመታት ሁሉ የከፋው ይህ ነው።

«ከ1933 በኋላ ኢኮኖሚው አላደገም» ወይም «በ1936 ቀውሱ አበቃ»

እነዚህ ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች የሚመነጩት ከአንድ ቦታ ነው፤ መነሻውን ከመርሳት። ሩዝቬልት በማርች 1933 ሥልጣን ሲይዝ ባንኮችን ለቀናት ዘግቶ ጤነኞቹን እየለየ ከፈተ፣ ዶላርን ከወርቅ አላቀቀ፣ በጃንዋሪ 1934 ደግሞ የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ ከ20.67 ወደ 35 ዶላር ከፍ አለ። ከዚያ በኋላ ምርት በ1934 10.8፣ በ1935 8.9፣ በ1936 12.9 በመቶ አደገ። ይህ በሰላም ጊዜ እጅግ ብርቅ የሆነ ፍጥነት ነው፤ «አላደገም» የሚለው እዚህ ላይ ይወድቃል።

ይሁን እንጂ የ1929ን ምርት 100 ብንለው በ1933 ወደ 74 ገደማ ወርዶ ነበር። ከ74 ተነስቶ 100 ለመድረስ 26 ሳይሆን 35 በመቶ ያህል ማደግ ይጠይቃል። ሦስቱን ዓመታት ደራርበን ስናባዛ በ1936 የምናገኘው 100 ገደማ ነው። ሀገሪቱ ሰባት ዓመት ደክማ የተመለሰችው ወደ ተነሳችበት ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት ግን ሠራተኛው በዝቷል፣ ማሽኑም ተሻሽሏል፤ ስለዚህ ያንኑ ምርት ለማምረት ያነሰ ሰው ይበቃ ነበር። ፈጣን ዕድገትና ከፍተኛ ሥራ አጥነት አብረው የታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ ያመጣው የመንግሥት ወጪ ነው የሚለውም በጥንቃቄ መያዝ አለበት። የፌዴራል መንግሥቱ የበጀት ጉድለት ከወደቀው ምርት አንጻር ትንሽ ነበር፤ ክልሎችና ከተሞችም ግብር እየጨመሩና ወጪ እየቀነሱ አብዛኛውን አጥፍተውታል። በእኔ ግምት የወርቅ ዋጋ ለውጡና ከአውሮፓ የሸሸው ወርቅ ወደ አሜሪካ መጉረፉ ያመጡት የገንዘብ መስፋፋት ኒው ዲል ከተባለው የሩዝቬልት የማገገሚያ ፕሮግራም የግንባታ ፕሮጀክቶች የበለጠ ድርሻ ነበረው፤ በዚህ ላይ ግን ኢኮኖሚስቶች ዛሬም ይከራከራሉ።

«የ1930ዎቹ የሥራ አጥነት ቁጥር አከራካሪ አይደለም»

በየወሩ ቤት ለቤት የሚደረገው የሥራ ጥናት የተጀመረው በ1940 ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ቁጥሮች በኋላ የተሰሉ ግምቶች ናቸው። በብዛት የሚጠቀሰው የኢኮኖሚስቱ የስታንሊ ሌበርጎት ስሌት በ1933 24.9፣ በ1936 16.9 በመቶ ይላል። ይህ ስሌት ግን በመንግሥት የዕርዳታ ሥራ ላይ የተሰማሩትን ሁሉ ሥራ አጥ አድርጎ ይቆጥራል። በቀን መንገድ ሲሠራና ትምህርት ቤት ሲገነባ ውሎ ደመወዝ የሚቀበለው ሰው ሥራ አለው ከተባለ፣ የ1936 ቁጥር ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። የኒው ዲል ደጋፊ ሁለተኛውን፣ ተቃዋሚው የመጀመሪያውን መርጦ ሲጠቅስ የምናየው ያለ ምክንያት አይደለም።

«ማገገሙ ቀጥ ያለ መስመር ነበር»

ከሜይ 1937 እስከ ጁን 1938 ኢኮኖሚው እንደገና ወደቀ፤ የኢንዱስትሪ ምርት በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀነሰ፣ በሌበርጎት ስሌት ሥራ አጥነት ወደ 19 በመቶ ተመለሰ። ምክንያቶቹ በአንድ ጊዜ ተደራርበው ነው የመጡት። ለጡረታ የሚቆረጠው አዲስ ግብር በጃንዋሪ 1937 ተጀመረ፤ በ1936 ለቀድሞ ወታደሮች የተከፈለው ትልቅ ድጎማ አልተደገመም፤ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንኮች በግዴታ የሚያስቀምጡትን መጠባበቂያ በሦስት ዙር በእጥፍ አሳደገ፤ ግምጃ ቤቱም የሚገባው ወርቅ ወደ ገንዘብ እንዳይለወጥ አገደ። ሆኖም የዓመቱን አማካይ ብቻ የሚያይ ሰው በ1938 ያለው ቅነሳ 3.3 በመቶ ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። ውድቀቱ ሁለት ዓመት ላይ ስለተከፈለ የ1937 መጀመሪያ ወራት ዕድገት ሸፍኖታል።

«ቀውሱ ያበቃው ፐርል ሃርበር ሲመታ ነው»

ጃፓን በሃዋይ የሚገኘውን የአሜሪካ የባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን የመታችው ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ነው። ምርት ግን በ1939 8፣ በ1940 8.8፣ በ1941 ደግሞ 17.7 በመቶ አድጎ ነበር። ወርቁ እየጎረፈ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ መሣሪያ እያዘዙ፣ ከ1940 ጀምሮ ወጣቶች በግዳጅ ወደ ጦር ሠራዊቱ እየገቡ ነበር። በማርች 1941 የወጣው የብድርና ኪራይ ሕግ አሜሪካ ሳትዋጋ ለተዋጊዎች እንድታመርት ፈቀደ። በነገራችን ላይ ይህ ሕግ ወደ እኛም ደርሷል፤ ኢትዮጵያ ከነጻነት በኋላ ላወጣችው ባለ 50 ሳንቲም ገንዘብ መሥሪያ የሆነው የብር ማዕድን ከአሜሪካ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ የአውሮፓው ጦርነት ረድቷል፤ አሜሪካ ራሷ የተዋጋችበት ጦርነት ግን ማገገሙን አልጀመረውም።

«ጦርነቱ ሕዝቡን አበለጸገ»

እዚህ ላይ ቁጥሩ ከፍተኛ ነው፤ ትርጉሙ ግን አጠያያቂ ነው። ምርት በ1942 18.9፣ በ1943 17 በመቶ አደገ፤ በ1944 ሥራ አጥነት 1.2 በመቶ ብቻ ነበር። ነገር ግን ከጠቅላላ ምርቱ አንድ ሦስተኛ በላይ ለጦርነት ይውል ነበር፤ ሥራ አጡም የጠፋው በከፊል ሚሊዮኖች የደንብ ልብስ ስለለበሱ ነው። ከፌብሩዋሪ 1942 በኋላ ለሕዝብ የሚሸጥ የቤት መኪና ማምረት ቆመ። በሚሺጋን ዊሎው ረን የሚገኘው የፎርድ ፋብሪካ በ1944 በሰዓት አንድ ያህል ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ያወጣ ነበር፤ ከበሩ ውጭ ግን ሠራተኛው አዲስ ጎማ የሚገዛው በፈቃድ፣ ስኳር፣ ሥጋና ቅቤ የሚገዛው ደግሞ በራሽን ኩፖን ነበር። ደመወዙ አድጓል፣ የሚገዛበት ዕቃ ግን ስላልነበረ ብዙ ገንዘብ ወደ ቁጠባና መንግሥት ለጦርነቱ ከሕዝብ ወደሚበደርበት ቦንድ ሄደ።

ከዚህ ሌላ የስሌት ችግር አለ። ዋጋ በመንግሥት ትእዛዝ ሲታገድ የዋጋ ንረቱ ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይመዘገባል፤ ንረቱ ካነሰ ደግሞ ዋጋ የተቀነሰለት ዕድገት ከፍ ብሎ ይታያል። ታንክና ቦምብ በገበያ ስለማይሸጡ ዋጋቸው ግዥ ፈጻሚው መንግሥት የከፈለው ብቻ ነው። ኩዝኔትስ የጦር ወጪን ሁሉ እንዳለ በብሔራዊ ምርት ውስጥ መደመርን ተቃውሞ ነበር፤ የንግድ ሚኒስቴር ግን በ1942 ባወጣው አዲስ ስሌት ደመረው፣ ዛሬ የምንጠቀምበትም ያንን መንገድ ነው።

ውጤቱ በ1946 ይታያል። በዚያ ዓመት ምርት በ11.6 በመቶ ወደቀ፤ በወረቀት ላይ ከ1932 ቀጥሎ የከፋው ዓመት ነው። ሥራ አጥነት ግን 4 በመቶ ገደማ ነበር፣ ራሽኑም እየተነሳ ነበር፣ የመኪናና የማቀዝቀዣ ፋብሪካዎችም ትእዛዝ ማሟላት አቅቷቸው ነበር። የቀነሰው ምርት፣ መንግሥት ይገዛው የነበረው ታንክ፣ አውሮፕላንና ጥይት ነበር።